ወፎቹ ስንደርስ ለምን ይበራሉ? ለአንድ የተፈጥሮ ክበብ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ባለ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ኃላፊ ነኝ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ስምንት ሄክታር የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። ከደኑ ሥር ደግሞ እስከ ሐይቁ የሚዘልቅ ረግረግ አለ። ሃያ ተማሪዎች ይዤ ሦስት ጊዜ ወጣን። ስንደርስ ወፎቹ ብር ብለው ይሄዳሉ፤ ደኑ ውስጥ ድምፅ እንሰማለን እንጂ ወፍ አናይም። ያየናቸውም አብዛኞቹ ትንንሽና ቡናማ ስለሆኑ መለየት አቃተን። ያለን አንድ 10×50 ባይናኩላር ብቻ ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ቦታችሁ የወፍ ችግር የለበትም። ደን፣ ረግረግና እርሻ በሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ የሚገናኙበት የጣና ዳር መሬት በአገራችን ወፍ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። መለወጥ ያለበት አካሄዳችሁ ነው፤ እንዲያውም መሄዱ ራሱ። ስምንት ሄክታር አሥር ወይም አሥራ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ቢሆን ነው። በዚህ ስፋት ላይ እየዞሩ ወፍ መፈለግ ወፉን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማባረር ነው። ስለዚህ ከምትወጡበት ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩሉን ተቀመጡ፤ የምትቀመጡትም ደኑ አልቆ ረግረጉ በሚጀምርበት ዳር ላይ ይሁን። የደኑ ወፍ ውኃ ሊጠጣና ነፍሳት ሊለቅም ወደዚያ ይወጣል፤ የረግረጉ ወፍ ለማረፍና ለማደር ወደዚያው ይመጣል። ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ታገኛላችሁ።

የሚበሩበትን ምክንያት ልብ ብላችሁ እዩት። ረግረግ ላይ ያለ ወፍ ሰው ሁሉ አያስፈራውም። እረኛው ከከብቶቹ ኋላ ሲያልፍ፣ ደንገል አጫጁ በታንኳው ሲቀዝፍ መብላቱን አያቋርጥም፤ የየዕለት መንገዳቸውን ለምዶታል። የሚያስፈራው መንገድ ለቅቆ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ የሚመጣ ሰው ነው፤ አዳኝ የሚመጣው እንደዚያ ነውና። ስለዚህ ከከብት መሄጃው አትውጡ። መጠጋት ካለባችሁ ሰያፍ ሂዱ፤ በየአሥር እርምጃው ቁሙ። የሚበቃችሁን ርቀት ወፉ ራሱ ይነግራችኋል። መብላቱን ትቶ አንገቱን ካቀና የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ መራመድ ከጀመረ፣ ወይም ጎንበስ ብሎ ክንፉን ከፈት ካደረገ ቀጣዩ መብረር ነው። ስለዚህ አንገቱን ሲያቀና እዚያው ቁሙ፤ እንደገና አቀርቅሮ መልቀም እስኪጀምር አትነቃነቁ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ወፍ ለይታችሁ እወቁ። ጭንቅላቱና ደረቱ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጭ፣ ጀርባው ቡናማ፣ እግሩ ረጅም ሆኖ በሣሩ ዳር ሮጥ ቆም፣ ሮጥ ቆም የሚል ነው፤ በእንግሊዝኛው ላፕዊንግ ከሚባሉት አንዱ፣ በክንፉ ላይ ሹል ያለው። የረግረጉ ዘበኛ እሱ ነው። እሱ ከጮኸ ዳክዬውም፣ ሳቢሳውም፣ ዝዩም አንገቱን ያነሣል። ዝም እስኪል ቁጭ በሉ፤ እሱን ሳያስጮሁ ማለፍ ከቻላችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ አይሆንም። አምስት አምስት አድርጋችሁ በአራት ከፋፍሏቸው፤ በአንድ ቀን ሁለት ቡድን፣ አንዱ ደኑ ዳር፣ ሌላው ረግረጉ ዳር ይሁን። ነጭ ነጠላና ጋቢ ከሩቅ ይታያል፤ ቡናማ፣ ዐመድማ ወይም ጎጃም የለመደው ጥቁር አረንጓዴ ይሻላል። ለቤተ ክርስቲያኑ የሚያስፈልገውን ነጠላ አጥፋችሁ በቦርሳ ያዙትና ቅጽሩ ጋ ስትደርሱ ልበሱት።

«ቡናማ ናቸው» ያላችሁት ነገር ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ፀሐይ ነው። በጎጃም በኩል ካለው የጣና ዳር በብዙ ቦታ ሰው ፊቱን ወደ ሐይቁ ሲያዞር ጠዋት ፀሐይዋ ከፊቱ ትመጣለች። ፀሐይ ከፊት ሆና የሚታይ ወፍ ሁሉ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ወርቃማውም ቀዩም አይለይም። የእናንተም ረግረግ ከደኑ በስተ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት የደኑን ዳር እዩ፤ ፀሐይዋ ቅጠሉ ላይ ስታርፍ ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ረግረጉን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስትሆን እዩ። አቀማመጡ የተገላቢጦሽ ከሆነ ሰዓቱንም ገልብጡት። ሁለተኛውን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ሰፊ ነው።

ቋሚ መቀመጫ ለመሥራት አቅም ካላችሁ ውስጡ ተደብቃችሁ የምታዩበት ግርዶሽ ሥሩ። ስድስት የባሕር ዛፍ አጣና፣ ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አግዳሚ። ማያ ቀዳዳው ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ የተቀመጠ ተማሪ ዓይን የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። በብዛት የሚሳሳቱት ሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ ከፊት ብቻ አጥሮ ጀርባውን ክፍት መተው ነው፤ ብርሃን ከኋላ ሲገባ የሰዉ ጥላ በቀዳዳው ይታያል፣ ራሱን ባዞረ ቁጥር ወፉ ያየዋል። ከኋላም ከላይም ሸፍኑት፣ ውስጡ ይጨልም። ሁለተኛው በበቆሎ አገዳ መሥራት ነው፤ መኖ ሲያጥር ከብቱ ይበላዋል። ደረቅ ደንገል ወይም የቤት ክዳን ሣር ይሻላል። ከሠራችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል አትግቡበት፤ ወፎቹ ይልመዱት። መሬቱ የማን ግጦሽ እንደሆነ አስቀድሞ ጠይቆ መስማማት ግድ ነው።

ወደ ደኑ ልለፍ። ደን ውስጥ ወፍ የማይታየው ወፍ ስለሌለ አይደለም፤ ከሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ሆድና ሰማይ ብቻ ስለሚታየው ነው። ዛፍ ምረጡ። ሾላ ወይም ዋርካ ካለና ፍሬው ከበሰለ (ከሥሩ የወደቀ ፍሬ ስታዩ ታውቃላችሁ) ከዛፉ 20 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ለሳምንት ያህል ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። በትልቅ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስለው ጥቁርና ነጭ ሆርንቢል ሲመጣ ገና ሳይታይ የክንፉ ድምፅ እንደ ወናፍ ይሰማል። ቱራኮ የሚባለው ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ግን ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ በውስጡ መዳብ ያለበት ቀለም ነው፤ ከቱራኮ ወገን በቀር በሌላ ወፍ ላይ አይገኝም። ከነሱ ጋር ባለ ጥቁር ራሱ ቢጫ ኦሪዮል፣ ግንባሩ ቀይ የሆነው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን፣ ጥርሳም ምንቃር ያለው ባርቤት ይመጣሉ። በቀቀኑ፣ ባለ ጥቁር ክንፉ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዱር የማይገኝ ነው፤ ተማሪዎቹ ይህን ይወቁት።

ሰዓቱ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ፀሐይ ከመውጣቷ 15 ደቂቃ በፊት ቦታችሁን ያዙ። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ብርሃን የዛፉን ጫፍ ሲነካ ነፍሳቱ ይሞቃቸዋል፣ ወፎቹም ወደዚያ ይወጣሉ፤ ጫፍ ጫፉን እዩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ደኑ ዝም ይላል፤ እስከ 10 ሰዓት ተኝታችሁ ብትውሉ የሚያመልጣችሁ ብዙ አይደለም። ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅጠል ብቻውን ሲነቃነቅ ካያችሁ እዚያ ላይ ዓይናችሁን ትከሉ። ጦጣዎቹ በድንገት ከጮኹ ወደ ላይ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ንስር ነው።

ደኑ እስካሁን የቆየው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት አስተዳዳሪውን ወይም ቄሰ ገበዙን አነጋግሩ፤ ፈቃድ ከመስጠታቸውም ሌላ የትኛው ሾላ መቼ እንደሚያፈራ፣ ጉጉቱ የት እንደሚያድር ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ከቅጽሩ ውጪ ቆዩ። ባይናኩላር ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ መነኮሳት ቤት አይዞር። የወፍ ድምፅ በስልክ አጫውቶ ወፍ መጥራት በየትም ደን የማልመክረው ነው፤ ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ልጆቹን መመገብ ትቶ ይዞራል። በትንሽ ደን ውስጥ በየሳምንቱ ቢደረግ ደግሞ ያው አንድ ወፍ ነው የሚጎዳው።

ባይናኩላሩ። 10×50 ማለት አሥር እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ብርሃን በደንብ ያስገባል፤ ግን ይከብዳል፣ አሥር እጥፍ ሲያቀርብ የእጅ መንቀጥቀጡንም አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ተቀምጣችሁ ክርናችሁን ጉልበት ላይ አሳርፉ፤ ከቆማችሁ ዱላ መሬት ላይ ተክላችሁ ጫፉ ላይ አስደግፉት። ወደፊት ስትገዙ 8×42 ወይም ቀለል ያለውን 8×32 ምረጡ። ማስተካከያውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው በደንብ ልጻፈው። የቀኙን ሌንስ በእጅ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ ሩቅ ያለ ቅርንጫፍ እያያችሁ ጥርት ብሎ እስኪታይ የመካከሉን ፎከስ አዙሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍናችሁ፣ የመካከሉን ሳትነኩ፣ በቀኝ በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ ያንኑ ቅርንጫፍ ጥርት አድርጉ። የቀለበቱን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ እያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ቁጥር ይያዝ፣ ተራው ሲደርስ ወደዚያ ይመልሰው። «ብዥ ይላል» የሚባለው ባይናኩላር አብዛኛውን ጊዜ ያልተስተካከለ ነው እንጂ የተበላሸ አይደለም። መነጽር የሚያደርግ ተማሪ የዓይን ጎማውን ወደ ውስጥ ይመልሰው።

ወፉን ለማግኘት መጀመሪያ በባዶ ዓይን እዩት፤ ዓይናችሁን ሳታነሡ ባይናኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ጎንበስ ብለው አስተካክለው ቀና የሚሉ ልጆች ሁሌም ያጡታል። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፤ አቧራው ይቧጥረዋል። መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉት፣ ከዚያ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ተጠቀሙ። ክረምት ላይ እርጥብ ማኅደር ውስጥ ዘግታችሁ አታስቀምጡት፤ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ቡናማዎች። የወጣችሁት በበጋ ከሆነ ከሣሩና ከቄጠማው ላይ በመንጋ የሚነሡት ብዙዎቹ ሌላ ጊዜ በደንብ የምታውቋቸው ወፎች ናቸው። ክረምት ሲገባ ወንዶቹ ይለወጣሉ፤ አንዱ ቀይና ጥቁር፣ አንዱ ቢጫና ጥቁር ይሆናል፣ ሌላው ከአካሉ የሚረዝም ጅራት ያወጣል። አደይ አበባ ሲፈነዳ በየሜዳው የምናያቸው፣ በብዙ ቦታ የመስቀል ወፍ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስሙ ለአንድ ወፍ ብቻ አይደለም፤ እንደየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። «በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው» ይባላል እንጂ አብዛኞቹ የትም አልሄዱም። መራባቱ ሲያበቃ ወንዱ ያን ላባ ይጥልና እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ዘንግ ዘንግ ያለበት ሆኖ እዚያው ሣር ውስጥ ይከርማል። ስለዚህ በጥር ወር አንድ ቡናማ ትንሽ ወፍ አይታችሁ ስሙን ማጣታችሁ አያሳፍርም፤ ብዙ የለመዱ ሰዎችም «ያልታወቀ» ብለው ያልፉታል። መፍትሔው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ እዚያው ቦታ ወጥታችሁ የትኛው ቀለም የትኛው ጥግ እንደሚኖር መመዝገብ ነው። ላባቸውን እየለወጡ ያሉትን፣ ግማሽ ቀይ ግማሽ ቡናማ የሆኑትን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ካያችኋቸው በኋላ በበጋው ዝርዝራቸውን ከምንቃርና ከጅራት ትለያላችሁ።

በጀማሪ ቡድን ቀለምን መጨረሻ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ መጠን፦ ከድንቢጥ፣ ከዋኖስ፣ ከቁራ፣ ከዶሮ ከየትኛው ጋር ይቀራረባል? ቀጥሎ ምንቃር፣ እግር፣ ከዚያ ምን እያደረገ እንደሆነ። ነጮቹን ሳቢሳዎች ለልምምድ ውሰዱ፤ ትልልቅ ናቸው፣ ቆመው ይጠብቃሉ፣ «ነጭ ነው» ማለት ምንም እንደማይነግር ወዲያው ይገባቸዋል። ከብት ኋላ ኋላ የሚሄደው አጭር አንገት ያለው፣ ምንቃሩ ቢጫ ነው። ጥቁር ምንቃርና ጥቁር እግር ኖሮት ውኃ ውስጥ ቆሞ አንድ እግሩን ጭቃው ላይ የሚያንቀጠቅጠው ትንሹ ነጭ ሳቢሳ ነው፤ እግሩን ሲያነሣ ጣቶቹ ቢጫ ካልሲ ያጠለቁ ይመስላሉ። ጭቃውን የሚረብሸው ትንንሽ ዓሣና ነፍሳት እንዲወጡለት ነው። አንገቱ እንደ ተሰበረ በትር የታጠፈ፣ ከሁሉም የሚረዝመው ትልቁ ነው፤ የአፉ መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ይህን መስመር ለማየት ልጆቹ ሲጣጣሩ ባይናኩላር አያያዝም በዚያው ይለማመዳሉ።

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፤ ኅዳርና የካቲት መካከል ይበዛሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። የጣና ውኃ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ከዚያ እየሸሸ ይሄዳል፤ የሸሸበት ጭቃ ረጅም እግር ላላቸው ትንንሽ የጭቃ ወፎች ማዕድ ነው። ጉልበት የሚደርስ ውኃ ላይ እነሱን አትፈልጉ፤ ጣት የሚያሰጥም ውኃ ላይ ፈልጉ። ክሬን የሚባሉት ትልልቅ ግራጫ ወፎች ቀን በታጨደው ጤፍና በቆሎ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይውሉና ማታ ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ ለማደር ይመለሳሉ። ለመቁጠር ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ቦታ ይዛችሁ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አድርጉ፤ ለቁጥር ጥላቸው ይበቃል። አንድ በአንድ አትቁጠሩ፤ አሥር ቆጥራችሁ ያ አሥር የሚይዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙና በዚያ ልክ መንጋውን ለኩት። የወርቅ አክሊል ያለው ጥቁር ክሬን ከመካከላቸው ቢኖር ለብቻው ጻፉ፤ እሱ እንግዳ አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ነው።

መዝገቡ ላይ ትልቁ ስሕተት የሚደርሰው በሰዓት ነው። ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ካስገባችሁት መተግበሪያው «1 ሰዓት»ን ከሌሊቱ አድርጎ ይወስደዋል፤ የጠዋቱ 1 ሰዓት እዚያ 7:00 ነው። ቀኑም እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ይግባ። በደብተር ላይ የራሳችንን ጻፉ፤ ወደ ስልክ የሚያስገባው አንድ ልጅ ብቻ ይሁን፣ እሱም ይለውጥ። የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ሰዓት፣ የሰው ብዛት፣ ዝናብና ነፋስ ሁልጊዜ ይጻፍ፤ ያለ እነሱ የኅዳርን ቁጥር ከጥር ወር ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም። የሚመላለስ ወፍ እየደመራችሁ አትጻፉ፤ በአንድ ጊዜ የታየውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ያዙ። ስለ መለያ መጽሐፍ፦ የኬንያና የታንዛኒያ ብቻ የሆነውን አትግዙ፤ የደጋችን ወፎች የሉበትም። የአፍሪካ ቀንድን የሚሸፍነውን ፈልጉ። ድምፅ ሰምቶ ስም የሚሰጥ መተግበሪያ ፍንጭ ነው፤ ወፉን ሳታዩ በእሱ ብቻ አትመዝግቡ።

ለልጆቹ ደኅንነት አንድ ነገር አስቀድሙ፦ ጉማሬ። በደንገሉ ውስጥ ሰፋ ብሎ የተረገጠ መውጫና የተበተነ ፋንድያ ካያችሁ መንገዱ የእሱ ነው። ማታ ለግጦሽ ወጥቶ ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል፤ ያ ደግሞ እናንተ የምትወጡበት ሰዓት ነው። በውኃውና በእሱ መካከል ፈጽሞ አትቁሙ። ባለ ታንኳዎቹን ሳትጠይቁ አዲስ ጥግ ላይ አትቀመጡ። በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት ቢልሃርዝያ ያመጣል፤ ቦቲ ከሌለ ዳር ላይ ይቅሩ። ማታ ለሚቀመጡት ረጅም እጅጌ ልብስ፣ ለወባ ትንኝ።

በመጨረሻም ረግረጉ ዳር አንድ ጠንካራ እንጨት ትከሉ፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉበት። በወጣችሁ ቁጥር ውኃው የት እንደደረሰ ጻፉ፣ ከዚያው እንጨት አጠገብ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሡ። እምቦጭ የት ድረስ እንደገባ፣ ደንገሉ መቼ እንደታጨደ፣ ባሕር ዛፍ ወደ ዳሩ ምን ያህል እንደቀረበ በሁለት ዓመት ውስጥ ከፎቶዎቹ ይታያል። ክረምት ላይ ደንገሉ ውስጥ የጎጆ ምልክት ካያችሁ (ምግብ በአፉ ይዞ እየደጋገመ አንድ ቦታ የሚገባ ወፍ) አትቅረቡት፤ የምትከፍቱትን መንገድ ቁራና ጦጣ ይከተሉታል። ቦታውን ከሩቅ በንድፍ ላይ ምልክት አድርጉና የማጨጃው ወቅት ሳይደርስ ደንገል አጫጆቹን ሰብስባችሁ ንድፉን አሳዩአቸው፤ ያን ጥግ ጫጩቶቹ እስኪወጡ መጨረሻ ላይ እንዲያጭዱት ጠይቋቸው።